የቦርከና ድርሻ

አያቴን ከቀበርን ወዲህ ሐዘኔን ከግራ መጋባቴ መለየት አቅቶኛል።

ጨፋ ሜዳ ላይ ያለው ማሳችን በየክረምቱ ቦርከና ሲሞላ ይጥለቀለቃል። ውሃው ሲሸሽ አያቴ በወንዙ ዳር በቀረው ጭቃ ላይ የሾላና የዶቅማ ችግኝ ይተክሉ ነበር። በሬ አያስገቡበትም። ጎረቤቶቻችን፣ "ሰው ማሽላ ይዘራል፣ አንቱ ጥላ ይዘራሉ!" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

"ይህ የወንዙ ድርሻ ነው" ይሏቸዋል አያቴ፤ "ካልሰጠሁት ራሱ ይወስደዋል።"

አንድ ዓመት ወንዙ ከድርሻው አልፎ ማሽላችንን ጠርጎ ወሰደው። እናቴ ስታለቅስ እሳቸው በተነቀሉት ችግኞች ምትክ ሌላ ለመትከል ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ወንዙን ይወዱት ነበር ወይስ ይፈሩት? ስጠይቃቸው፣ "ኮቱ፣ ና፣ ይቺን ያዝልኝ" ብለው ችግኝ አቀበሉኝ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም መልሱን አላገኘሁትም።

ለሰደቃቸው በተሰበሰብንበት አጎቴ፣ "እንግዲህ ወንዙ ዳር ሽንኩርት እንዝራበት፣ ልጆቼም ይብሉ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተስ ተማሪው፣ ምን ትላለህ?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩ።

በማግስቱ በሬዎቹን ነድቶ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ማረሻው ጭቃ ሳይነካው ተመለሰ።

"ምነው?" አለችው እናቴ።

"ጠምጄ ቆሜ ጠበቅኩ።"

"ማንን?"

"ወላሂ እንጃ። የሚቆጣኝ ሰው የሚመጣ መሰለኝ።"

አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው። መሬቱ እስካሁን አልታረሰም፤ ችግኝ የተከለበትም የለም።