«ገጠመልሽ»

እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው ቀኝ እጇን የፈላ ዘይት ልጦት ነው። የስፌት መኪናዋ ቀድማት እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም ገብታለች። ገበያው አጠገብ ልብስ ልትሰፋ ነበር ሐሳቧ፤ እጇ እስኪድን ነው የምንጠብቀው።

ጤና ጣቢያ ጣቶቿን ለየብቻ ጠቀለሉላትና እየተመላለሽ ፋሻውን አስቀይሪ አሏት። እናታችን ግን የምትፈራው ሽታ ነው። ሽቶ የተቀባች ሴት በደጅ ካለፈች ቁስሉ አመረቀዘ ማለት ነው። በሩን ዘጋች፣ ጤና አዳም አሸተተቻት፣ ጣቶቿን ባንድ ላይ በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አሰረቻቸው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ጮኼ ተናገርኩ። ማን ሊሰማኝ! አንቺ የምታውቂው የመጽሐፍ ቁስል ነው አለችኝ። እህቴም የጤና ጣቢያው ፋሻ ሲፈታ ስለሚያማት ለእናታችን አደላች።

ያን ሰሞን ደግሞ፣ እንደ ሹፈት፣ የማስተምረው ሕዋሳት እንዴት ተያይዘው አካል እንደሚሆኑ ነበር። ቆዳ ሲቆስል በዳርና ዳር ያሉ ሕዋሳት ወደ ባዶው ቦታ ይገፋሉ፤ ጎረቤት ሲነኩ ይቆሙና ይያያዛሉ እላለሁ። ጎረቤቱ የየትኛው ጣት እንደሆነ አይጠይቁም። ይህችን ለተማሪዎቼ መናገር አቃተኝ።

ጨርቁ የተፈታ ቀን እናታችን እልል አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ገጠመልሽ!»

መግጠሙንስ ገጥሟል። ሌባ ጣቷ ከመሀል ጣቷ፣ አውራ ጣቷ ከመዳፏ ገጥሟል። እህቴ ልትዘረጋቸው ታገለች፤ እምቢ አሉ። መርፌ መያዝ ቀረ። እናታችን ጨርቁን አንስታ ጣቶቹን መልሳ ሸፈነች።

ደሴ ድረስ ወሰድኳት። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ማላቀቅ እንደሚቻል፣ ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ እንደሚለጠፍ ነገረን። ስንመለስ እሺ እንድትል መንገዱን ሙሉ ለመንኳት። ቤት ስንደርስ ለእኔም ለእናታችንም መለሰች።

«ዳንሽ ብላችሁ እልል አላችሁብኝ። ደግማችሁ አታቁስሉኝ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ እጇ አይወራም። የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ እንደተሸፈነች አለች። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። እናታችን ብቻ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ድሮ የናቀችውን መጽሐፌን ነው አሁን የምትጠይቀኝ።

«ያ መጽሐፍ ምን ይላል? ቀስ እያለ በራሱ አይላቀቅም?»

አይላቀቅም። አውቃለሁ።

«ኢንሻአላህ፣ እማ» እላታለሁ።