ሬሳ የሌለበት ሙሾ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ቢታ ገነት አስተማሪ ሆና ተመድባለች። «እትዬ፣ ለሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ከየቤታቸው ዘፈን እንዲያመጡ ነገርኳቸው። ጥሩ አደረግሁ?» አለችኝ። ኮረሪማውን አፍንጫዬ ሥር እንደያዝኩ የድሮ ክፍሌ ትዝ አለኝ። ነጋዴዋ «ይገዛሉ ወይስ ሲያሸቱ ሊውሉ ነው?» ስትለኝ ነው የባነንኩት።

እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ማስተማር የጀመርኩት እዚያው ነው፤ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ። ዝናቡ አያባራም። መንገዱም ጭቃ፣ ጫማዬም ጭቃ፣ ተስፋዬም ጭቃ ነበር። ቆጮውን ገና አልለመድኩትም። የሙዚቃ መጽሐፉ ስለ ባቡር ዘምሩ ይላል፤ ባቡር አይቶ የማያውቅ ልጅ ምኑን ይዘምረው! እኔስ መች አየሁና! ብቻዬን ስዘፍን ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኛል።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተራችን ጋሽ ወልዴ ጠሩኝ። «ሰኞ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ልጆቹ ካልዘፈኑ እኔም ላድንሽ አልችልም» አሉኝ። ከተባረርኩ ደግሞ አባቴ የመረጡልኝ፣ እኔ እምቢ ያልኩት ባል አገር ቤት ይጠብቀኛል። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ቢጨንቀኝ «ከየቤታችሁ ዘፈን አምጡ» አልኳቸው። በማግስቱ እናቷ የታመመችባት አልማዝ ተነስታ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ዜማ አወጣች። ቀስ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ያፈሩ መሰለኝ። «ተቀበሏት!» አልኩ። አስተማሪን እምቢ የሚል አልነበረምና ተቀበሏት። ሳምንቱን ሙሉ አጠናን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለሚውል ከክፍሉ ውጭ የሰማን የለም።

ሰኞ ግን ፀሐይ ወጣ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ተቀመጡ፣ ልጆቹ አዜሙ። ዳንኩ ስል ከመንገድ ጩኸት ተነሳ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ደረታቸውን እየደቁ ግቢ ገቡ። «ማን ነው የሞተው? የማን ልጅ ነው?»

ጋሽ ወልዴ እየሮጡ መጡ። «ምን ነካሽ? ይሄ እኮ ሙሾ ነው! ሬሳ ሳይኖር አይወጣም፤ ሞት ይጠራል!»

«አልማዝ፣ ለምን?» አልኳት።

«እማዬ ናት ያስተማረችኝ። ስሞት የሚያለቅስልኝ ሌላ ሰው የለኝም፣ አንቺ ልመጂው አለችኝ። ቤታችን ሌላ ዘፈን የለም፣ ቲቸር» አለች።

ሥራውንም ባሉንም ረሳሁ፤ ልጅቷን አቅፌ አለቀስኩ።

እናቷ ሳምንቱ ሳያልቅ ሞተች። ለቅሶ ቤት ስገባ የገላመጠኝ ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። አልማዝ ሙሾውን ጀመረች፣ መሃል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ያኔ የክፍሌ ልጆች ከየቆሙበት ተቀበሏት፤ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። እኔም ትርጉሙን ሳላውቅ አብሬ አልኩት። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩኝና ቦታ ለቀቁልኝ።

አገር ቤት አልተመለስኩም። ጋሽ ወልዴ ሱፐርቫይዘሩን ምን ብለው እንደለመኑልኝ እስኪሞቱ አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘፈን አስተማርኩ፤ ካፊኖኖም ቻልኩ። የልጅ ዘፈን ባዶውን እንደማይመጣ፣ ቤቱን ተሸክሞ እንደሚመጣ የገባኝ ግን በዚያች ሰኞ ነው።

«ጥሩ አድርገሻል» አልኳት በስልክ። «ብቻ ከማስዘፈንሽ በፊት መቼ እንደሚዘፈን፣ ማን እንዳስተማረው ጠይቂ።»

«እሺ፣ እትዬ። ሁሉም አምጥተዋል። አንዷ ብቻ፣ እናቴ ታማለች ብላ ባዶ እጇን መጣች።»

«ዘፈኑን ተይው» አልኳት። «አሁኑኑ ቤቷ ሂጂ።»