ከቀኝ ሦስተኛው

ሱዳን ሳለሁ፣ ዐማራት በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ሰርቨር እጠብቅ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት፣ የበሽተኛው ካርድ፣ ሁሉም ያለው በዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ስለነበር ቀን ከሌት አይጠፋም። ዲስክ ቢታመም እንኳ ማሽኑ እየሠራ ይነቀልና አዲስ ይሰካል። ስድስት ዲስኮች ናቸው፤ አንዱ ቢጎድል አምስቱ ይሸፍኑለታል። ሁለት ከጎደሉ ግን ጉድ ፈላ።

አንድ ጠዋት ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ «ዲስኩን ሥራ ሳታስቆም ቀይር፤ የኢቃማህን ደብዳቤ እፈርምልሃለሁ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ያለ እሱ ፊርማ ከምኖርበት ሰፈር ከሳጃና መውጣትም አልችልም።

ዕረፍት ላይ የነበረው ሱዳናዊ ባልደረባዬ በስልክ «የታመመው ሦስተኛው ነው» አለኝ። የማሽኑ ጠቋሚ መብራቶች ከሞቱ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለኝ ነው ያደግኩት። ከግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ መዘዝኩ።

ማሽኑ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ አቧራውን ስጠርግ ባልደረባዬ የለጠፋቸው የዐረብኛ ቁጥሮች ብቅ አሉ፤ እንደሚያነበው ከቀኝ ነው የጀመረው። ጤነኛውን ነቅያለሁ! በሽተኛው ዲስክ አሁን ቢሞት ሆስፒታሉ ባዶ እጁን ይቀራል። መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ ከሌሎቹ እየቀዳ እንደ አዲስ ይሞላው ጀመር። አንድ በመቶ። ሁለት በመቶ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ጆሮዬን ማሽኑ ላይ እለጥፋለሁ።

ዘጠኝ በመቶ ላይ ሙዲሩ ደብዳቤውን ይዞ ገባ።

«ያ ሐበሺ፣ ኸላስ?»

«ኸላስ፣ ታማም» አልኩ፤ አልቋል፣ ደህና ነው ማለቴ ነበር።

ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ። አፈርኩ። ቢሆንም እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

እስከ አስር ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ለማርያም ተሳልኩ። መቶ ሲሞላ ከቀኝ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ በሽተኛውን አወጣሁ፣ አዲሱን ሰካሁ። አንድም ውጤት አልጠፋም፤ ታች ያለ ሰው ምንም አላወቀም።

በማግስቱ ባልደረባዬ ከዕረፍት ተመለሰ። አምና ዲስክ ሊቀይር ማሽኑን አጥፍቶት ስለነበር ሙዲሩ በኔ ፊት ገሠጸው፦ «ከዚህ ሐበሻ ተማር! ሳይቆጥር አይነካም።»

ባልደረባዬ አንገቱን ደፋ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። በእጄ ዳበስኩት።