ከጎታው ጀርባ ያለው ግድግዳ

ወረታ ላይ በወባ መከላከያ ሥራ ትንኝ ሰብሳቢ ሆኜ በተቀጠርሁበት ቀን ባትሪ፣ የመስተዋት መምጠጫ ቱቦና ጥጥ ተሰጠኝ። ሥራው ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ትንኝ በቱቦ ስቦ መያዝ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተምሬ ለዚህ ነው? አልሁ በልቤ።

የመጀመሪያውን ቤት ፈትሼ ወጣሁና፣ "ትንኝ የለም" አልሁ።

ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን፣ "አላገኘሁም በል" አሉኝ።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"አለማግኘትህን አንተ ታውቃለህ። አለመኖሯን ማን ነገረህ?"

ተመልሼ ገባሁ። ከአልጋው ሥር አንድ አገኘሁ። ደስ አላለኝም፤ ተናደድሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደሴ ረጪ ነበር። ፓምፑን በትከሻው አንግቶ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ዲዲቲ ይረጫል። የትውልድ መንደራችንን ቁሐር ሚካኤልን ሰኔ ላይ የረጨው እሱ ነው። ጥቅምት ላይ ወባ ያዘው። እዚያው ቁሐር፣ እናታችን ቤት ሞተ። ስለ ሞቱ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ሐዘኑ ሳይወጣልኝ አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ። ቁሐር በትንኝ ተሞልቷል።

"በደንብ በተረጨ ቤት ትንኝ አትበረክትም። ቁሐር ግን በዝታለች። እንግዲህ በደንብ አልተረጨም፤ ወይም የተረጨው ውሃ ነው" አሉ።

"ደሴ ውሃ አይረጭም!"

"ይህን አይተሃል ወይስ ስለምትወደው ነው? ያየኸውን አምጣልኝ። ካላመጣህ ለበላይ የምነግረው ይህንኑ ነው።"

ሙት መልስ አይሰጥ። ቁሐር ወረድሁ።

እዚያ ደግሞ ሁሉም አዋቂ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ "ወባ ከረግረጉ ሽታ ነው የሚመጣው፤ በዓይናችን እያየን!" አሉኝ።

"አባባ፣ ሽታ በዓይን ይታያል እንዴ?"

"አንተ የተማርኸው ሽታ እንዳይታይህ ነው?" አሉና ሰዉን አሳቁብኝ። ሌላው፣ ቢንቢዋ መድኃኒቱን ለምዳ እንደ አሞሌ ትልሰዋለች አለ። ስትልስ አይተሃል ወይ ስለው ተቆጣ።

እትዬ ዘነብ የሚባሉ ጎረቤታችን ቤት ገብቼ ባትሪ አበራሁ። ግድግዳው ልስልስ ያለ ነው። ዲዲቲ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ዱቄት የለም።

"እትዬ፣ ግድግዳውን ምን ነካው?"

"ምን ይነካዋል? ለመስቀል ለቀለቅሁት እንጂ። ዱቄት የተነፋበት ወፍጮ ቤት መስሎ በዓል ልቀበል?"

"መድኃኒቱን በጭቃና በእበት ቀበሩት እኮ!"

"ከሥሩ አለ አይደል? የት ይሄዳል?"

ቤት ለቤት ዞርሁ። ያልለቀለቀ አጣሁ። ወረታ ድረስ እየሮጥሁ ሄጄ ለአቶ ጌታሁን ነገርኋቸው።

"መለቅለቁን አይተሃል። ከጭቃው ሥር መድኃኒት መኖሩንስ?" አሉኝ።

መምጠጫ ቱቦውን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝ። ያናደደኝ ደግሞ ትክክል መሆናቸው ነው። መንገዱን ስመለስ የሴት እጅ የማይደርስበት ግድግዳ የት ነው እያልሁ አሰብሁ። ጎታ! ለርጭት ዕቃ ሁሉ ከግድግዳ ፈቀቅ ይደረጋል፤ እህል የሞላ ጎታ ግን ለበዓል ተብሎ አይነሣም።

እትዬ ዘነብ እየተነጫነጩ ፈቀዱ። ጎረምሶች ጎታውን ፈቀቅ አደረጉልኝ። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ነጭ ነበር። ነጭ መሆኑ ብቻ ግን እኒያን ሰውዬ አያሳምንም። ከወንዙ ዳር ቤቶች በሕይወት ያሉ ትንኞች ሰበሰብሁ። እኩሌታዎቹን በብርጭቆ ከድኜ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ እኩሌታዎቹን የተለቀለቀው ላይ አሳረፍሁ። ከዚያ ለየብቻ አስቀመጥኋቸው። በማግሥቱ ከነጩ የመጡት ሞተዋል። ከተለቀለቀው የመጡት ብርጭቆው ውስጥ ይሄዳሉ።

በሌሎች ቤቶችም ደገምሁት። ያው ሆነ። በአንድ ቤት ብቻ የሁለቱም ግድግዳ ትንኞች ተረፉ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱንም ጥርሴን ነክሼ ተናገርሁ።

አቶ ጌታሁን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "ደሴ ረጭቷል። ውሃም አይደለም" አሉ። "የዚያችን የአንዷን ቤት ነገር ግን አላውቅም።"

"እሷን ቢተዉአትስ?"

"እንዴት እተዋታለሁ? አንተው ነህ የነገርኸኝ።"

ወሬው እናቴ ዘንድ ቀድሞኝ ደረሰ። ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባትሪ አላበራሁም። ግድግዳው ያለ ባትሪም ይታያል።

"ደሴ ለመስቀል ይመጣል ብዬ አሳምሬ ለቀለቅሁት" አለች። "እኔ ነኝ የገደልሁት?"

"እማዬ፣ ደሴ በየቦታው ሲረጭ ነው የከረመ። ይፋግ አድሯል፣ ሐሙሲት አድሯል። የት እንደተነከሰ ያየ ሰው የለም።"

"ያየ እንደሌለማ አውቃለሁ። አንተ ምን ታስባለህ?"

መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

አዲስ ለምትቀጠሩት የምለው አጭር ነው። ቤት ከመርጨታችሁ በፊት እመቤቲቱን መቼ እንደምትለቀልቅ ጠይቋት። እኛ ማንንም አልጠየቅንም። ደሴም የገዛ እናቱን አልጠየቀም።