የነጩ ሻሽ ጠርዝ

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ፎቶ ቤቴ፣ ሰውን ከጀርባው ነጥሎ ማውጣት የዘወትር ሥራዬ ነው። ሙሽራን ከድንኳን አውጥቼ ባሕር ዳርቻ አቆማለሁ፤ ተመራቂን ከጓሮ ጎመን መሀል አንስቼ በአበባ እከበዋለሁ። አሁን አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ በአንድ ጠቅታ ይቆርጠዋል። እኔም ሰነፍ ነኝ፣ እሰየው ብዬ ተቀብያለሁ።

አንድ ቀን ከቢስቲማ ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ይዘው ገቡ። ከልጆቻቸው ጋር ዳር ላይ የቆሙት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከካሜራ ሲሸሹ ኖረው የቀረችላቸው ምስል ይቺው ብቻ ናት።

«እሷን ብቻዋን አውጥተሽ አሳድጊልኝ፣ ልጄ። ግድግዳዬ ላይ ልስቀላት» አሉኝ።

ጠቅ ሳደርግ የባለቤታቸው ነጭ ሻሽ ከኋላቸው ካለው ነጭ ግድግዳ ጋር አብሮ ጠፋ። ፔን ቱል በሚባለው የኮምፒውተር መስመር ማውጫ ዙሪያቸውን ነጥብ በነጥብ ከመክበብ ሌላ መላ አልነበረም። ግን የሻሹ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ ለእኔም አይታየኝም፤ በግምት ብሠራው የሌላ ሴት ራስ ሊሆን ነው።

«አባባ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉ። ሻሻቸውን እንዴት ነበር የሚያስሩት?»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ከፍ ታደርገዋለች። ጫፉን ወደ ግራ ትከሻዋ ነው የምትጥለው፤ ወላሂ አንድ ቀን በቀኝ ጥላው አታውቅም።»

ስክሪኔን በጣት የነካ ሰው ከቁጣዬ አያመልጥም ነበር። ያን ቀን ግን ከጣታቸው ኋላ ኋላ ነጥብ እየጣልኩ ተከተልኩ።

መስመሩ ሲገጥም ጀርባውን አጠፋሁት። አዛውንቱ ክው አሉ።

«ልጆቿንስ የት አደረስሻቸው? ከመሀላቸው አውጥተሽ ብቻዋን ልታስቀሪያት ነው?»

ቶሎ ብዬ ጀርባውን መለስኩት፤ ሙሽራዋም ወንድሞቿም በየቦታቸው አሉ።

«ማንም አልተነካም፣ አባባ። ያኛውም ፎቶ እንዳለ ነው፤ ሁለቱንም ይዘው ይሄዳሉ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። እኔም ይህን ሥራ ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ ያንን ጠርዝ ከእሳቸው በቀር ማንም ሊያሳየኝ አይችልም ነበር።

አትሜ ስሰጣቸው ፎቶው ላይ ባለቤታቸውን ትክ ብለው አዩና ወደ ደረታቸው አስጠጓቸው።

«በይ ነይ እንሂድ» አሏቸው፤ «የቢስቲማው መኪና እንዳያመልጠን።»