በመጽሔት የደረሰ መርዶ

ሳዑዲ አረቢያ፣ ደማም ከተማ ውስጥ በአንድ የሴቶች ኮሌጅ ሳለሁ ሥራዬ ኮምፒውተር የአማርኛ ንግግር እንዲረዳ ማስተማር ነበር። ጊዜ ሲተርፈኝ ልብወለድ እጽፋለሁ። ለጥናቱ የሰው ድምፅ ስላስፈለገኝ፣ አል ባዲያ ሰፈር የምትኖረውን የኮሌጁን ጽዳት ሠራተኛ፣ አንዲት የወሎ ልጅ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቢሮዬ አስቀምጬ እቀዳት ጀመር።

«እትዬ፣ ምን ላውራ?» አለችኝ።

«የመጣልሽን» አልኳት።

የመጣላት ወንድሟ ነበር። በየመን በኩል አብረው ሲሻገሩ ጀልባ ላይ ሞቶ ባሕር ወስዶታል። እናታቸው አልሰማችም። ልጅቷ በደወለች ቁጥር፣ በረሃ ውስጥ ግመል ይጠብቃል፣ እዚያ ስልክ የለም ትላታለች።

«አገሬ ስገባ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ጎህ ሳይቀድ በወጉ አረዳታለሁ» አለችኝ። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ እትዬ? ወላሂ ትሞትብኛለች።»

ስሙን ከቅጂው ላይ ቆርጬ አወጣሁ። ለተመራማሪ ይህ በቂ ነው ብዬ አምን ነበር፤ መማሬ ለዚህ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ታሪኩን ልብወለድ አደረግሁት። ስም ቀየርኩ፣ አገር ቀየርኩ። እናትየው በሸሚዙ ውስጥ በቀይ ክር የሰፋችለትን ድብቅ ኪስ ግን እንዳለ ተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር ከራሴ ፈጥሬ አላውቅምና ሳሳሁለት። አዲስ አበባ ያለ መጽሔት አወጣው። ወዳጆቼ «ኪሱ አስለቀሰን» ብለው ሲጽፉልኝ፣ አል ሻጢእ ሰፈር ባሕሩ ዳር ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔው ወሎ ገባ። የሰፈሩ አስተማሪ ለጎረቤት ጮክ ብሎ ሲያነብ እናትየው ከመካከል ነበረች። የክሩን ነገር ስትሰማ ብድግ አለች አሉ።

ልጅቷ ቢሮዬ መጥታ በር ላይ ቆመች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«እናቴ ለቅሶ ተቀምጣለች። ደግፎ የሚይዛት ሰው እንኳ አጠገቧ አልነበረም። ዋሸሽኝ ብላ ስልኬን አታነሳም።»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀለለብኝና የባሰ አፈርኩ።

«ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እትዬ። ድምፄን ያጥፉልኝ።»

«ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ» አልኳት። አመነችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የጥናቴ ግማሽ በእሷ ድምፅ ላይ የቆመ ነበር። ጥናቱ ታተመ፤ ዕድገትም አገኘሁበት። ድምፅዋን እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።