በሩን የጠገነው ሰው

የጸጥታ ሰዎች ደሴ ካለው ቢሮዬ ሲወስዱኝ ሹራብ ለብሼ ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ በሙቀቱ ሹራቡ ከበደኝ። እጄ ታስሮ ስለነበር ማውለቅ አልቻልኩም።

ያስገቡኝ መስኮት የሌለው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። አየር የሚገባው በብረት በሩ ስር ባለው ክፍተት ብቻ ነበር። በሩ ስለዘመመ በተከፈተ ቁጥር ጥጉ ሲሚንቶውን እየፋቀ ይጮሃል። ድምፁ ጥርስ ያንገበግባል፤ ቢሆንም ወደድነው። ሌሊት ሰው ሊወስዱ ሲመጡ ሁላችንም እንነቃለን። የሚወሰደውን «አብሽር፣ አይዞህ» ብለን እንሸኛለን።

በሩ ስር የሚተኙት ሀጂ ነበሩ፤ አስም ያለባቸው የኩታበር ገበሬ። አየሩ እንዲደርሳቸው ቦታውን ለቀንላቸዋል።

አድማ አስተባብረሃል ተብሎ የታሰረ አንድ የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛም ነበር። ጉረኛና ወሬኛ ነው። አንድ ቀን የበሩን የላይኛውን ማጠፊያ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሁለት ብሎን ነበረው፤ አንዱ ተቆርጧል» አለኝ። «በሩ ቁልቁል ይጎትታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብረት አልንቀሳቀስም ይላል። መሐላቸው ያለውን ብሎን እንደ መቀስ ይበሉታል። የቀረውም ግማሹ አልቋል።»

«እሱም ሲቆረጥስ?»

በዓይኑ ወደ ሀጂ አመለከተ።

ጠባቂውን ብሎን ሲጠይቀው ሳቀበት። «የእስር ቤቱን በር የሚጠግን እስረኛ ዛሬ አየሁ! ልታመልጥ ነው?»

«ላመልጥ ብፈልግ እስኪወድቅ አልጠብቅም ነበር?»

በማግስቱ ጠባቂው መፍቻና አንድ እፍኝ አሮጌ ብሎን አመጣ። አብሮን የታሰረ መምህር ወደ ጠጋኙ ተጠጋ።

«ተወው» አለው በሹክሹክታ። «ካቃናኸው ሲገቡ አንሰማም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወላሂ፣ በሩ ሲወድቅ መንግሥት ላይ አይወድቅም። ሀጂ ላይ ነው።»

ከላይ እስከ ታች ጥርስ የወጣባቸውን ብሎኖች ጣለ። ብረቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥርሱ ከዋለ ቶሎ ይቆረጣል አለ። ወገባቸው ለስላሳና ወፍራም የሆኑትን መረጠ። በሩን አውርደን ስናጋድመው ሀጂን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። ጠባቂው መሣሪያውን ደግኖ አጠገባቸው ቆመ።

«አልጨረስክም?»

«ብሎን ችኮላ አይወድም፣ ጌታዬ።»

ሀጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጡ። ጠጋኙ የጠበቀውን ዳዶ እየፈታ እንደገና ሲያጠብቅ አየሁት።

በሩ ከተሰቀለ በኋላ በአንድ ጣት ይገፋ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስንነቃ የጠጋኙ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ከሀጂ በቀር የሰማ አልነበረም።

«ሊወስዱት መጥተው ነበር፤ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የተራመደኝ» አሉ። «ልጮህ ስል ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ከእግሬ ላይ የተገፈፈውን ጋቢ መለሰልኝና ወጣ። አብሽር እንኳ አላልኩትም።»

እኔና ሀጂ ከጊዜ በኋላ ተፈታን። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ ስለዚያ ሰው የጠየቅኩት ሁሉ ግን አላውቅም ብሎኛል። እኔም ከበሩ ወዲያ የሆነውን አላውቅም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። ሀጂ ደሴ ገበያ ሲመጡ ቢሮዬ ጎራ ይላሉ። ወንበር ስስብላቸው አይቀመጡም።

«ልጁ ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ ሀጂ።»

«እሺ። ጠይቅ እንግዲህ።»

የኩታበር መኪና እንዳያመልጣቸው ይሄዳሉ። እኔም ስልኬን አነሳለሁ።